ቀዳዳው ሳይገኝ ጋዝ አይሞላም

የመኪና ኤሲ ማቀዝቀዝ ባቆመ ቁጥር ከብዙ ጋራዥ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ። ይህ አባባል ለዓመታት ያለ ጠያቂ ስለኖረ ድፍረቱ ጨምሮ፣ ኮምፕረሰር ወይም ኮንደንሰር ተቀይሮለት በወሩ ሞቃት አየር እየነፋ ለተመለሰ መኪናም ይነገራል። ባለመኪናው ለዕቃው ከፍሏል፣ ለእጅ ከፍሏል፣ ለጋዝ ከፍሏል። ተመልሶ ሲመጣ ጋዝ በየጊዜው ማለቁ የታወቀ ነው ይባልና እንደገና ይከፍላል። ይህ ሐሰት ነው፤ ጌጅ ይዞ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሐሰት መሆኑን አላውቅም ማለት አይችልም። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን የሚቃጠል ነገር አይደለም። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፣ ኮንደንሰሩ ውስጥ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል፣ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ የመኪናውን ሙቀት ተቀብሎ ወደ ጋዝነት ይመለሳል፣ ከዚያም ወደ ኮምፕረሰሩ ይገባል። በዚህ ዝግ ዑደት ውስጥ በሥራ ብዛት የሚጠፋ አንድም ግራም የለም። ከጎደለ አንድ ቦታ ወጥቷል፤ ዕቃ በተቀየረ በወሩ ከጎደለ ደግሞ በቅድሚያ የሚፈተሸው በዚያ ሥራ የተፈታውና የታሰረው መጋጠሚያ ነው።

ትንሽ ትንሽ መሰረጉ ያለ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ በዚህ ልክ ናቸው። ጋዝ በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳና በኮምፕረሰሩ ዘንግ ጎማ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ጥያቄው መጠኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ፣ አር 134ኤን የመሰለ ጋዝ የሚጠቀምና አንድ ኢቫፖሬተር ያለው አዲስ መኪና በዓመት ከ40 ግራም በላይ እንዳያፈስ ገደብ ጥሎ ነበር። የአንድ ቤት መኪና ኤሲ በአብዛኛው ከ450 እስከ 700 ግራም ይይዛል። 500 ግራም የያዘው መኪና ያንን ገደብ ሙሉ በሙሉ እየተጠቀመ ቢያፈስ እንኳ ግማሹን ለማጣት ከ6 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በየዓመቱ ጋዝ የሚያስሞላ ሰው ያልተዘጋ ቀዳዳ ይዞ እየዞረ ነው። በአንድ ወር ባዶ የሆነውማ ለክርክርም አይበቃም።

ዕቃ ሲቀየር በጣም የሚናቀው ነገር መጋጠሚያውን የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንግ ነው፤ ከሥራው ሁሉ ርካሹ እሱ ሆኖ ሳለ። ለዓመታት በሙቀትና በግፊት ተጨፍልቆ ቅርጹን የለወጠ ኦሪንግ አንዴ ከተፈታ በኋላ ተመልሶ በልኩ አይቀመጥም። አዲሱም ቢሆን ዘይት ሳይነካ ደረቁን ከገባ ሲታሰር ይቆነጠጣል። መጠኑ ተቀራራቢ ነው ተብሎ ከቆርቆሮ ጣሳ ተመርጦ የገባ የውኃ ቧንቧ ጎማ ደግሞ ለዚህ ጋዝና ለዚህ ዘይት የተሠራ አይደለም። ጋዝ የሚሞላባቸው ጫፎች ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቫልቮችም ጌጅ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ይጎዳሉ። የጫፎቹ ክዳን ሁለተኛው መዝጊያ ነው፤ ስንት መኪና ላይ ግን ክዳኑ የለም።

አጥብቄ የምቃወመው በቫኪዩም ማሳበቡን ነው። ቫኪዩም ስበን ጌጁ አልተንቀሳቀሰም፣ ስለዚህ አያፈስም ይባላል። ቫኪዩም የሚሳበው አየርና እርጥበትን ለማስወጣት ነው፤ ለዚህ ሥራው አስፈላጊ ነው፣ ሊታለፍም አይገባም። ለማፍሰስ ምርመራ ግን ደካማ ነው። ሞተሩ ሲሠራ የከፍተኛው ግፊት መስመር በሞቃት ቀን 15 ባር ሊደርስና ሊያልፍ ይችላል፣ አቅጣጫውም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ቫኪዩም ሲሳብ ግን የሚገፋው የውጭው አየር ብቻ ነው፣ እሱም ከ1 ባር አይበልጥም፣ አቅጣጫውም ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ፓምፑ ምንም ቢጠነክር ጌጁ ከ23 ኢንች ሜርኩሪ እምብዛም አያልፍም። በዚህ ድካም የተፈተነ መጋጠሚያ ሃያ እጥፍ ግፊት በተቃራኒው ሲመጣበት ቢከፈት ምን ይገርማል? ትክክለኛው ፈተና ደረቅ ናይትሮጅን አምራቹ በሚፈቅደው ግፊት ሞልቶ ጌጁን መጠበቅ፣ መጋጠሚያዎቹንም የሳሙና አረፋ መቀባት ነው። ጎማ የሚነፋበት አየር አይተካውም፤ እርጥበት ይዞ ይገባል።

ባለጉዳዩ ፍተሻ ሳይሆን ቅዝቃዜ ነው የሚፈልገው፣ መሣሪያውም በዶላር የሚመጣ ነው የሚል መከላከያ አለ። ናይትሮጅን በሲሊንደር እዚሁ ይገኛል፣ ሳሙናም ከውጭ አይመጣም። በውጭ ምንዛሪ የሚመጣው ኮምፕረሰሩ ነው፤ እሱን የሚገድለው ደግሞ ይኸው ልማድ ነው። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር ይዞራል፣ ሲያፈስም አብሮ ይወጣል። ጋዝ ተሞልቶ ዘይቱ ሳይተካ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አዲሱ ዕቃ ደርቆ ይነክሳል፣ የብረት ብናኙንም መስመሩ ውስጥ ይረጫል። በጣሳ የሚሸጠው ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽም መፍትሔ አይደለም፤ ፈሳሹ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያልፍበትን ጠባብ ቫልቭ ሊደፍን ይችላል። የሚወጣው ጋዝ ራሱ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ በተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት ማሻሻያ ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ከተወሰነባቸው አንዱ አር 134ኤ ነው፤ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ይከብዳል። ግማሽ ኪሎው አየር ላይ ተለቀቀ ማለት 300 ሊትር ያህል ቤንዚን እንደ ማቃጠል ነው።

አዲስ አበባ መቼ ኤሲ ያስፈልጋታል የሚለው ማቃለያም ጊዜው አልፏል። በሰመራና በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ለሚመላለሰው ሾፌር መጀመሪያውኑ አይሠራም ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፣ በብዙዎቹም ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ይኸው የኤሲ መስመር ነው። በእነሱ ላይ ጋዝ ጎደለ ማለት ባትሪው ሞቀ ማለት ነው። ኮምፕረሰራቸውም ከፍተኛ ቮልቴጅ ስላለበት የራሱ ዘይት አለው፤ የተለመደው ዘይት በስህተት ከተጨመረበት ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙ ይወድቃል። በግምት ጋዝና ዘይት መጨመር የለመደ እጅ እዚህ ላይ የሚያጠፋው ዕቃ ከድሮው እጅግ የከበደ ነው።

እንግዲህ ዕቃ የቀየረ ጋራዥ ደረሰኙ ላይ ኦሪንጎቹ መቀየራቸውን፣ በስንት ባር ናይትሮጅን ለስንት ደቂቃ እንደፈተነ፣ ስንት ግራም ጋዝ በሚዛን እንደሞላ ይጻፍ። በጌጅ ንባብ ብቻ መሙላት አይበቃም፤ ግፊቱ ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ይህ ተጽፎለት በወሩ የተመለሰ መኪና ቢኖር ከየት እንዳፈሰ ለማወቅ መነሻ አለ። ሳይጻፍለት ከተመለሰ ግን የፍለጋውም የጋዙም ወጪ የጋራዡ ነው።