ትርጉሙን ያወቀ ልጅ፣ ቁጥሩን የሰጠች እናት

ደባርቅ የሚማር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፈተና ላይ «ፊሺንግ ምንድን ነው?» ተብሎ በእንግሊዝኛ ቢጠየቅ ትክክለኛውን ፊደል ያከብባል። እንበል ማታ እናቱ ስልክ ተደወለላት፦ «ከቴሌ ነው፣ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልን»። ታነባለች። ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል፤ ዝም ይላል። በእንግሊዝኛ የሸመደደው ትርጉም በአማርኛ ሲደወል አልመጣለትም።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የመምህሩም አይደለም። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ስላልተነጋገሩ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር በ10ኛ ክፍል የአይቲ መጽሐፍ ውስጥ ስለ መረጃና ኮምፒውተር ደህንነት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አስገብቷል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ቴክኒክና ሙያ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ነው። በዚያ በኩል ያለው የሙያ ደረጃ «አፕሊኬሽንና ሲስተም ሶፍትዌርን መጠበቅ» የሚል የብቃት አሃድ አለው። አነጋገሩ ሌላ ነው፦ የተጠቃሚዎችን አካውንት ተቆጣጠር፣ አጥፊ ሶፍትዌር ፈልገህ አስወግድ፣ ስፓም አስቁም። የሲኦሲ ምዘናውም በወረቀት ብቻ አያልቅም፤ ሠርተህ አሳይ ይላል። አንዱ «ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው «ትችላለህ ወይ?» ይላል። ያው ልጅ ኮሌጅ ሲገባ የ10ኛ ክፍሉ ምዕራፍ አይቆጠርለትም፤ ከሀ ይጀምራል።

«በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሳይበር ሥራ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። ዳባት ይሂድ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ የአካባቢውን ቤተሰቦች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት እየተከታተለ ይመዘግባል። ይህ የብዙ ሺህ ሰው ገመና ነው። ደባርቅ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ባንክ፣ ጤና ተቋም፣ የቴሌብር ወኪል አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የትኛውን ፋይል ማን ይክፈት? የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት መቼ ይዘጋ? ባክአፕ የት ይቀመጥ? ይህ የሀከር ጀብዱ አይደለም፤ የዕለት ሥራ ነው።

«መብራት በሚቆራረጥበት፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶበት በኖረ ክልል ይህ ቅንጦት ነው» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ እውነት አለበት። ኔትወርኩ ሲመለስ ግን አጭበርባሪውም አብሮ ይመለሳል። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ሌባ አንዱ ባለስልክ ሆነው የማጭበርበሪያ ጥሪ ለመለማመድ ኮምፒውተር አይጠይቅም። የትምህርት ቤቱን የማርክ መዝገብ ማን ያያል፣ ማን ያርማል ብሎ ደብተር ላይ ሠንጠረዥ ማውጣትም አይጠይቅም። አካውንት መቆጣጠር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መንግሥት የሚያሳየው ሌላ ነው፦ ኢንሳ በክረምት የሚያዘጋጀውን የሳይበር ታለንት ካምፕ፣ በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና። ሁለቱም መልካም ናቸው። ግን ምርጥ ዘር መልቀም ማሳ ማረስን አይተካም። ካምፑ የሚደርሰው ለተመረጡት ነው፣ ሥልጠናው ኢንተርኔት ላለው ነው። ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ የሚያገኘው መማሪያ መጽሐፉ ብቻ ነው።

አሜሪካኖች የሳይበርን ሥራ በተግባር፣ በዕውቀትና በክህሎት ዘርዝረው «ናይስ» የሚባል ማዕቀፍ አበጅተዋል። ኢትዮጵያ መኮረጅ አያስፈልጋትም፤ የራሷ የሙያ ደረጃ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የሚያስፈልገው ሁለቱን ሰነዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ነው። የአሃዱ መመዘኛ በምዕራፉ መጨረሻ ይግባ፤ ከማርኩ ግማሹ በተግባር ይሰጥ፤ ያለፈ ተማሪ ኮሌጅ ሲገባ ይቆጠርለት። ምሳሌዎቹም በአማርኛ ይሁኑ። ሌባው የሚደውለው በአማርኛ ነው።