ጥይቱን ወይስ ራሳችንን?

በ1833 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ በአሊዩ አምባ በኩል ሸዋ ሲገባ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ በገጸ በረከት ይዞ ነበር። ከ1945ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ስምምነት በኋላ ደግሞ ኤም ዋን መጣ። መሣሪያውን ወደድን፤ ብረት ሠሪውን ግን ናቅን።

ኤም ዋን ሲተኮስ፣ ከአፈ ሙዙ አጠገብ ባለች ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ ዘንጉን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቀለሁ ይወጣል፤ ሞላው ዘንጉን ሲመልሰው አዲስ ጥይት ይጐርሳል። ጥላሸት ሲይዘው፣ ቅባቱ ደርቆ የቆላ አቧራ ሲጣበቅበት ወይም ሞላው ሲደክም ጠመንጃው ይነክሳል። ባለቤቱ ጥይቱን ይረግማል። (እርግጥ ጥይቱም የሚያጠፋበት ጊዜ አለ።) አስቀድሞ ጥይቱን አውጥቶ፣ ፈትቶ ማጽዳትና በልኩ መቀባት ነው።

ሞላው ካረጀስ ወደ ማን ይሂድ? የብረት ሠሪው ልጅ «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» እየተባለ አድጎ ሙያውን ጥሏል። እኛም ስለ ቴክኖሎጂ ስንከራከር እናመሻለን እንጂ ዘይት የነካው እጅ ስንጨብጥ መዳፋችንን እንጠርጋለን። ለዕረፍት ወደ ይፋት የሚወርድ ጓደኛ ሁሉ አንድ ቀን ከብረት ሠሪ ቤት ይዋል፤ የጐደለውንም ጠይቆ በዚሁ መጽሔት ይጻፍልን።