ልጁ የማን ነው?

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ኔፓል በርዕደ መሬት ስትናወጥ እስራኤል አውሮፕላን ልካ ካወጣቻቸው መካከል ገና የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች በማኅፀን ኪራይ ያገኟቸው ልጆች ናቸው፤ የአገራቸው ሕግ ያኔ ስላልፈቀደላቸው ነበር ባሕር የተሻገሩት።

ይህን ከከተማችን ከመካነ ሰላም ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚያገናኘን ስደት ነው። የቦረናና የሳይንት ልጅ ዛሬ ያልደረሰበት አገር የለም፤ ከነዚያ መካከል አንዱ ነገ በዚህ መንገድ አባት ቢሆን የልጁ አያቶች እዚህ ደጋ ላይ ናቸው። አገር ቤት ይህ መንገድ ዝግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ይቀጣል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተከፈተው የመካንነት ሕክምና ማዕከልም ለእነዚህ ወንዶች የታሰበ አይደለም።

ልጁ ግን ይወለዳል። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ እንዴት ተጸነሰ ብሎ አይጠይቅም። በሌላ በኩል በቤተሰብ ሕጋችን እናት የምትባለው የወለደችው ሴት ናት። ስለዚህ ሁለት አባቶች ያሳደጉት ልጅ እዚህ ሲመጣ የሥጋ አባቱ ያልሆነው አንደኛው አባቱ ከነጭራሹ ባዳ ይሆናል።

እኛ ደግሞ አባትነትን በደም ብቻ የለካን ሰዎች አይደለንም። ማር የተቀባ ጣት ጠብቶ የጡት ልጅ መሆን፣ በጉዲፈቻ ዘር መቁጠር፣ አባቶቻችን የኖሩበት ወግ ነው። በቃል ኪዳን የተገኘ ልጅ ርስት ወርሷል።

እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው፤ ማኅፀኗን የምታከራየው ሴት ነገር። ችግር ያስገደዳት ሴት ዘጠኝ ወር ተሸክማ ወልዳ ባዶ እጇን ስትመለስ ማን ያስባታል? ታይላንድ፣ ኔፓልና ህንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ለውጭ ሰዎች በሩን የዘጉት ይህ ንግድ ስላሳሰባቸው ነው። ጥያቄው ወንድና ሴት ባለትዳሮችንም እኩል ይመለከታል። እኛም በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ስናስቀር ካስፈሩን ነገሮች አንዱ ድህነት ልጅን ሸቀጥ እንዳያደርገው ነበር።

ወላጆቹን የሚወቅስ ይውቀስ። ኤምባሲዎቻችን ግን ልጁን ሕጉ በሰጠው መብት ይመዝግቡት፤ ዘመዶቹም በአባቱ ላይ ባላቸው ቅያሜ ልጁን አይግፉት።