ጎልፍ ሳይንስ፣ ገና ጉልበት? ማን አለ!

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ የጎልፍ ቪዲዮ አሳየኝ። አሰልጣኙ አንዲት ምት በዝግታ እየመለሰ ይተነትናል። የእጅ አንጓ እዚህ ጋ ይታጠፋል፣ እዚህ ጋ ይፈታል፣ ዱላው በዚህ መስመር ይወርዳል።

"አየሽ፣ ይሄ ሳይንስ ነው!" አለኝ።

"የገና ጨዋታስ?" አልኩት።

"እሱማ ጉልበት ነው!" ብሎ ሳቀ። ከሳቁ ይልቅ የቡሬ ልጅ መሆኑ አናደደኝ።

እሺ፣ ሳይንሱን እንየው። አሜሪካዊው ጎልፈኛ ቤን ሆገን በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከኳሷ ተነስቶ ትከሻችሁ ላይ የተጋደመ መስታወት አስቡ ይላል። ምታችሁ መስታወቱን እንዳይሰብር ተጠንቀቁ ነው ነገሩ። ጠለል የሚሉት ይህንን የዘመመ መንገድ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮክራንና ስቶብስ በመጽሐፋቸው ምቱን በሁለት የተያያዙ ዘንጎች መሰሉት። አንዱ ክንድ ነው፣ ሌላው ዱላ፤ መሐላቸው ያለው ማጠፊያ አንጓ ነው። ምስጢሩ አንጓ አለመቸኮሉ ላይ ነው። ክንድ ቀድሞ ይወርዳል፣ አንጓ ታጥፎ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ ሲፈታ ዱላው ክንድን ቀድሞ ይወነጨፋል። ከላይ ጀምሮ በጉልበት የፈታው ሰው ፍጥነቱን አየር ላይ ጨርሶ ኳሷ ጋ ባዶውን ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ነሐሴ ላይ ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር ውጡ። ለቡሄ ጅራፍ የሚያጮኸውን እረኛ ተመልከቱት። ክንዱን ያዞራል፣ አንጓውን ያቆየዋል፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት መለስ ያደርገዋል። ጧ! ያ ጩኸት የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ሲበልጥ የሚፈጠር ነው። ማን አስተማረው? ታላቅ ወንድሙ። ታኅሣሥ ሲገባ ያው አንጓ ቆልማማ ዱላ ይጨብጥና ሩሯን ይለጋታል። ያውም በጎልፍ ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፣ አጠገብህም ማንም የለም። ሩር አትጠብቅም፤ የባላጋራህ ቅልጥምም እዚያው ነው። ታዲያ የትኛው ነው የበለጠ ስሌት የሚጠይቀው?

"ጉልበት ነው" የምትለው ቃል ግን ቀልድ ሆና አትቀርም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባየሁት አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ልጅ አገጩን ተመታና የተማሪው የገና ዱላ ሁሉ ተሰብስቦ ተቆለፈበት። ጨዋታው ጉልበት ብቻ ከሆነ መፍትሔውም መቆለፊያ ብቻ ነው፤ የሚስተካከል ነገር የለማ! እውነቱ ግን ሌላ ነው። አገጭ የሚሰብረው ከትከሻ በላይ ተነስቶ በቁሙ የሚወርድ ምት ነው። ይህ ደግሞ የጠለል ስህተት ነው፣ ይታረማል። በሜዳ ሆኪ ዱላን በሌላ ተጫዋች ራስ ላይ ማንሳት ጥፋት ነው፤ ሆኪ ግን በዚህ ምክንያት አልተዘጋም። ሕግ ወጣለት፣ ተማሩት።

እኛስ? በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ኳስ ተወርውሮልን "ተጫወቱ" እንባላለን። አረፍ ያለ ምት፣ ዝቅ ያለ ዱላ፣ የማይቸኩል አንጓ የሚያሳይ መምህር ስንቶቻችን አየን? ሴቶቹማ ዳር ቆመን ማጨብጨብ ነበር ድርሻችን፤ አንጓ ግን ጾታ አይለይም።

"በዚህ ጊዜ ስለ ዱላ ታወሪያለሽ?" የሚል አይጠፋም። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሳው ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አላጣሁትም። ዕውቀቱ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚሄደው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ባዶ ሆኖ በከረመ ቁጥር ሳይማር የሚያድግ ታናሽ ይበዛል። ልጆቹ ሲመለሱ ደግሞ መቆለፊያ ከጠበቃቸው ያቺ የቀረችውም ትጠፋለች። ያኔ የራሳችንን ምት ከስልክ እንማራለን፣ በውጭ ሰው አንደበት፣ ሳይንስ ነው እየተባልን።

በገና ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው፣ ማንም አይቆጣም ይባላል። እኔ ግን ዘንድሮ ተቆጥቻለሁ። አንተ የቡሬው፣ ቪዲዮውን ዝጋና አጎትህ ጋ ደውል። አንጓውን መቼ እንደሚፈታ ጠይቀው። ከዚያ "ጉልበት ነው" በለኝ።