ያሰማል እንጂ አይሰማም



ቁርኣን ለመሐፈዝ ነይተው ግቢ የሚገቡ አዳዲስ ተማሪዎች በየዓመቱ ከሚጠይቁት አንዱ ይህ ነው፦ «ስልክ እያለኝ ለቁርኣን ብቻ ብዬ ኤም ፒ ስሪ ልግዛ?» ከሲኒየሮች የሚያገኙት መልስ ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ «ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው፣ ብርህን አታባክን» ይላል። ሌላው ምንም ሳይናገር ከኪሱ አውጥቶ ያሳያል። የእኔ ሐሳብ ከሁለተኛው ጋር ነው። ነገር ግን ዕቃዋ የምታበሳጭበትን ሳይነግሩ «ግዛ» ማለት ምክር አይሆንም። ከብስጭቶቹ አንዱ ደግሞ የዕቃ ጉዳይ ሳይሆን የሒፍዛችን ጉዳይ ስለሆነ ኋላ ላይ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

«ጊዜው ያለፈበት» የሚሉት አልዋሹም። ኪስ ውስጥ የምትገባ የኤም ፒ ስሪ ማጫወቻ ገበያ ላይ የዋለችው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። የደቡብ ኮሪያው ሳሃን ኩባንያ «ኤምፒማን» ብሎ ያወጣት ዕቃ 32 ሜጋባይት ነበር የምትይዘው። በተለመደው ጥራት አንድ ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ፣ ከሱረቱል በቀራ አንድ አምስተኛውን ብትይዝ ነው። አፕል በ2001 እ.ኤ.አ. 5 ጊጋባይት የሚይዘውን አይፖድ ይዞ መጣ፤ በ2022 ደግሞ ምርቱን ማቆሙን አስታወቀ። ስልክ ሁሉንም ዋጠው።

ታዲያ ዓለም የተወውን ዕቃ እኛ ለምን እንይዛለን? መልሱ የምንኖርበት ቦታ ነው። ደባርቅ ላይ መብራት ሄዶ ማደሩን እንደ ዜና የሚያወራ የለም። ስልክ ለትምህርት፣ ለቤተሰብ፣ ለባንክ፣ በጨለማም ለባትሪነት ይፈለጋል፤ ማታ 20 በመቶ የቀረው ሰው ለሙራጀዓ ብሎ አያባክነውም። ትንሿ ዕቃ ግን አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ብዙ ሰዓት ትቆያለች፤ ስክሪኗ የጣት ጥፍር ስለምታክል የምትበላው ኃይል የለም። ስለ ብርዱም ልንገራችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የሊትየም ባትሪ ደግሞ ቅዝቃዜ አይስማማውም። ለፈጅር ስትወጡ በጃኬት የውጭ ኪስ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከሰውነታችሁ አጠገብ ብትይዟት ትቆይላችኋለች።

ሁለተኛው ምክንያት ኔትወርክ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። አንዳንዶቻችንን ግቢ ውስጥ፣ አንዳንዶቻችንን ቤተሰብ ጋር አገኘን። ያኔ የደርሱን ቅጂ ሁሉ «ቴሌግራም ላይ አለ» ብሎ ያላወረደ ሰው የቻናሉን ስም እያየ መቀመጥ ነበር ዕጣው። ሚሞሪ ላይ የጫነው ግን ደርሱን አላቋረጠም፤ ለጎረቤቱም አካፈለ። ከዚያ ወዲህ «ኢንተርኔት ላይ አለኝ» የሚለውን ቃል እኔ «የለኝም» ብዬ ነው የምሰማው።

ሦስተኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስልኩን ሱረቱል ካህፍ ሊያዳምጥ የከፈተ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ የት እንደሚገኝ መናገር አያስፈልግም። በእርግጥ ሰው ከወሰነ ስልኩንም መግዛት ይችላል። ግን በየቀኑ ከራስ ጋር ከመታገል፣ መልእክት የማይገባበት ዕቃ መያዝ ይቀላል። ይህች ዕቃ ድምፅ ከማሰማት ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ደካማነቷ ነው ጥንካሬዋ።

ለሒፍዝ ደግሞ ብዙዎች ሳይነኩት የሚኖሩት አንድ ነገር አላት። አብዛኞቹ ላይ «ኤ-ቢ» የሚል የመድገሚያ ቁልፍ ወይም ምርጫ አለ። አንቀጹ ሲጀምር አንዴ ትጫናላችሁ፣ ሲያልቅ ሁለተኛ ትጫናላችሁ፤ ከዚያ እስክታቆሟት ድረስ ያንን ብቻ ትደጋግማለች። ሁለት አንቀጽ በዚህ መንገድ ሃያ ጊዜ ሰምቶ፣ ሃያ ጊዜ አብሮ ብሎ፣ ከዚያ አጥፍቶ ለብቻ ማለት ሙስሐፍ ላይ ዓይን ተክሎ ከመዋል የተሻለ እንደሚያዝ የሞከሩት ይነግሯችኋል። ከጎንደር በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚያደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አንድ ጁዝ ሁለት ጊዜ ያሰማል፤ የሹፌሩ ዘፈን ካላሸነፋችሁ።

አሁን ወደ ብስጭቱ። ዕቃዋን ስትገዙ አብራ የምትመጣው ሚሞሪ አብዛኛውን ጊዜ በዘፈን የተሞላች ናት፤ እሱን ማጥፋት ቀላል ነው። ከባዱ የሚመጣው ቁርኣን ስትጭኑ ነው። ርካሾቹ ዕቃዎች ፋይሎችን የሚያጫውቱት በስም ሳይሆን በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ነው። በስም የሚደረድሩትም ቢሆኑ ከ1 ቀጥለው 10ን፣ ከዚያ 100ን ያመጣሉ። ፋቲሓ ካለቀ በኋላ በቀራን ስትጠብቁ ዩኑስ ይጀምራል። በዐረብኛ የተጻፈ ስም ካለ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። መፍትሔው ከ001 እስከ 114 በሦስት አኃዝ መሰየም፣ ሚሞሪውን ፎርማት አድርጎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ግን ማንም ስለማይነግራቸው ስንቶች ተበሳጭተው ጣሏት።

የሚሞሪው ማታለል ይብሳል። ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት የተጻፈበት ካርድ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት 64 ነኝ ይላል፣ ስትገለብጡም ይቀበላል፤ ከትክክለኛው መጠን በላይ የገባው ግን ጠፍቷል ወይም የቀደመውን አበላሽቷል። ሳትከፍሉ በፊት መለየት ከባድ ነው። ከገዛችሁ በኋላ ግን እስኪሞላ ገልብጣችሁ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ክፈቱ፤ ካልከፈቱ ሻጩን በጊዜ መልሱለት። እንዲያውም 64 ምን ያደርግላችኋል? ሙሉው ቁርኣን በረጋ ቂርኣት 30 ሰዓት ገደማ ነው፤ 2 ጊጋባይት ይበቃዋል። ይህ በካሴት ዘመን የአንድ ሰዓት ካሴት ሠላሳ ፍሬ፣ አንድ ካርቶን ማለት ነበር። ወላጆቻችን የሼህ ሙሐመድ አወል ሐምዛን መንዙማ በካሴት ሲለዋወጡ የሚያውቁትን ድካም እኛ አላየነውም። (ስለ መንዙማ በመካከላችን ያለውን የአመለካከት ልዩነት እዚህ አልከፍተውም።)

ሌላም አለ፤ የማዳመጫው አንድ ጆሮ በወሩ ይሞታል፣ ስትጠፋ ያቆማችሁበትን ትረሳለች፣ ስትሰበር ስልክ ጠጋኞቻችን የሚሆን መለዋወጫ የላቸውም። እነዚህ ሁሉ ያልፋሉ።

የማያልፈው፣ ዕቃዋ ታሰማለች እንጂ አትሰማም። እናንተ ከእርሷ ጋር አብራችሁ ስትቀሩ ብትሳሳቱ አታቆማችሁም። ይባስ ብሎ የቃሪኡ ድምፅ የእናንተን ስለሚሸፍነው ትክክል ያላችሁ ይመስላችኋል። ሃያ ጊዜ የተደገመ ስህተት ደግሞ ሃያ ጊዜ ተተክሏል፤ እሱን መንቀል አዲስ ገጽ ከመሐፈዝ ይከብዳል።

ይህ በተለይ አማርኛ አፉን ለፈታ ሰው የሚብስበት ምክንያት አለ። ፊደላችን ሀንና ሐን፣ አንና ዐን ለይቶ ይጽፋል፤ አፋችን ግን አንድ ካደረጋቸው ቆይቷል። ትግርኛ ወይም ዐፋርኛ የሚናገር ወንድማችን ሐእንና ዐይንን ያለ ችግር ሲያወጣ እኛ ዐይንን ዋጥ አድርገን እናልፋለን። ቃፍ ደግሞ ከሁሉ ታታልላለች። «ቀ አለን» ብለን እንዝናናለን፤ የእኛ ቀ ግን እየፈነዳች የምትወጣ ናት፣ የዐረብኛው ቃፍ ከጉሮሮ አጠገብ፣ ከምላስ ሥር፣ ያለዚያ ፍንዳታ የሚወጣ ነው። ጠና ጧም እንደዚያው። በማዳመጫ ስንሰማ ጆሯችን የሚያውቀውን ቀ ይሰማና «ይሄንማ እችላለሁ» ይላል። ቃፍና ካፍን ያምታታ ሰው ደግሞ «ልብ» ሊል ፈልጎ «ውሻ» ይላል፤ የተጅዊድ ኡስታዞች በመጀመሪያው ሳምንት የሚያመጡት ምሳሌ ይህ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በየረመዳኑ ከጂብሪል (ዐ.ሰ.) ጋር ቁርኣንን ይከልሱ እንደነበር፣ በመጨረሻው ዓመታቸውም ሁለት ጊዜ እንደከለሱ በሐዲስ ተላልፎልናል። ቁርኣን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተላለፈው ሰምቶ፣ መልሶ በማሰማት ነው። ሼህ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ሙሉውን ቁርኣን በሙረተል በድምፅ ሲያስቀርጹ ለዓለም ትልቅ ነገር ሠሩ፤ ስሜን ተራሮች ሥር ያለ ተማሪ እንኳ የእርሳቸውን ቂርኣት ከነመድዱ ይሰማል። ግን እርሳቸው ራሳቸው የተማሩት ኡስታዝ ፊት ተቀምጠው ነው። ዕቃዋ የምትሰጠን የሥራውን ግማሽ ነው። ግማሹን ይዘን ሙሉ የያዝን ከመሰለን፣ ባትኖር ይሻል ነበር።

ስለዚህ ለጠየቁኝ ሁሉ የምለው፣ ግዙ፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን የምታሰሙት ሰው ሳታገኙ አትጀምሩ ነው። ከተማ መስጂድ ያሉ ኡስታዞች ጊዜያቸው የተጣበበ ነው፤ ለእያንዳንዳችን ግማሽ ሰዓት መስጠት አይችሉም። ግን ተጅዊዳቸው የተስተካከለ ጥቂት ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። እነርሱ ለኡስታዝ ያሰማሉ፣ እኛ ለእነርሱ እናሰማለን። እህቶች ለእህት ቢሆን ደግሞ ከመግሪብ በኋላ ከግቢ መውጣት የሚቸግራቸው ብዙዎች ይጠቀማሉ። ይህ ሳይደራጅ የኤም ፒ ስሪ ብዛት ቢጨምር የምናበዛው ስህተትን ነው።

ሁለተኛው ሐሳቤ ለጀማዓው አመራር ነው። አሁን እያንዳንዱ ሰው ከየትም በዜንደር የለቃቀመውን ነው የሚጭነው። አንዱ ካርድ ላይ ሦስት ቃሪእ፣ ሁለት ሪዋያ ተደባልቆ ይገኛል። የምንይዘው ሙስሐፍ በአብዛኛው በሐፍስ ነው፤ ወርሽ ሲገባበት ጀማሪው ግራ ይጋባል። ፋቲሓ ላይ ሐፍስ «ማሊክ» ብሎ የሚስበውን ወርሽ «መሊክ» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን ይህን የማያውቅ ልጅ ወይ ሙስሐፉን ወይ ቃሪኡን ይጠረጥራል። ጀማዓው አንድ የተፈተሸ ስብስብ ያዘጋጅ፦ አንድ ቃሪእ በሐፍስ፣ ከ001 እስከ 114 የተሰየመ፣ ኡስታዞቹ ፈቅደው የተቀረጹ የአማርኛና የኦሮምኛ ደርሶች በየርዕሳቸው። ፈቅደው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ መስጂድ ውስጥ ስልክ ደብቆ ቀርጾ ማሰራጨት ልማድ እየሆነ ነው፣ አማና አይደለም። ስብስቡ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ በወንዶች፣ አንዱ በሴቶች በኩል። ተመራቂዎች ሲወጡ ኤም ፒ ስሪያቸውን ለጁኒየር ትተው ቢሄዱ ደግሞ መግዛት የማይችለው አይቀርም።

የዶርም ነገር ሳልነካ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከእኛ ጋር ስድስት ሆነው የሚያድሩ፣ የሌላ እምነት የሆኑ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ከፈጅር በፊት በስፒከር ከፍቶ ዶርሙን መቀስቀስ ዳዕዋ የሚመስለው ካለ ጎረቤቱን ይጠይቅ። ቂርኣት ከፍቶ ካርታ መጫወት፣ ወሬ ማውራትም አለ፤ ቁርኣን ሲቀራ ማዳመጥና ዝም ማለት እንዳለብን የአዕራፍ ምዕራፍ 204ኛ አንቀጽ የሚያዝዘው ለዕቃውም ድምፅ ጭምር አድርጋችሁ ያዙት። የማታዳምጡ ከሆነ አጥፏት፤ ባትሪም ይቆያል።

የስብስቡን ሥራ ለመጀመር ኮምፒውተርና ያልተበላሸ የሙረተል ቅጂ ያላችሁ ከጁሙዓ በኋላ ለጀማዓው የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ንገሩ። የትኛው ቃሪእ ይሁን የሚለው ላይ ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ። እኔ አል-ሑሰሪን እመርጣለሁ፤ ረጋ ያሉ ስለሆኑ ለጀማሪ ያመቻሉ። ሌላ የምትመርጡ ካላችሁ በሚቀጥለው ዕትም ጻፉ።