«አዎ» ስንል ውሸታሞች ነን እንዴ?

ወገኖቼ፣ በሰዋስው ምክንያት ማን ይጣላል ትሉኝ ይሆናል። እኔ እጣላለሁ! በአንዲት የእንግሊዝኛ ጭራ የተነሣ ሌባ ተብዬ አውቃለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን የቤት ሥራዬን አንሥቶ «ዩ ዲድንት ኮፒ ኢት፣ ዲድ ዩ?» አለኝ። አልቀዳሁም። ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ «የስ፣ ቲቸር!» አልኩ። ዜሮ! እኔ «አዎ፣ አልቀዳሁም» ማለቴ ነው፤ እሱ የሰማው «አዎ፣ ቀድቻለሁ» ነው። ለምን ዜሮ እንዳገኘሁ እኔም አልገባኝ፣ ክፍሉም አልገባው።

የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን በኩዌስሽን ታግ ፈተና አሥር ከአሥር ደፍኛለሁ። ዐረፍተ ነገሩ አዎንታ ከሆነ ጭራው አሉታ፣ አሉታ ከሆነ ጭራው አዎንታ፤ ይህን እንደ ፊደል ቆጥረነዋል። «አይ አም ሌት» ሲባል «አረንት አይ»፣ «ሌትስ ጎ» ሲባል «ሻል ዊ» ማለትን ማን ይበልጠናል? ሲጠየቁ ምን ብሎ መመለስ እንደሚገባ ግን ማንም አልነገረን። ፊደል መርጦ ማክበብ መቻል ቋንቋ ማወቅ ነው ያለው ማነው?

ቁም ነገሩ እኮ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። የእኛ «አዎ» ብዙ ጊዜ ከጠያቂው ቃል ጋር ይስማማል፦ «አልበላህም አይደል?» «አዎ፣ አልበላሁም።» የእንግሊዝኛው «የስ» ግን የሚያየው ድርጊቱን ነው። ከበላህ «የስ፣ አይ ዲድ»፤ ካልበላህ «ኖ፣ አይ ዲድንት»። ጠያቂው ጥያቄውን ቢያገላብጠውም መልሱ አይገለበጥም። በቃ!

«የኛ ቋንቋ የተምታታ ስለሆነ ነው» የሚሉ ምሁር ነን ባዮችም አሉ። የለም! ጃፓኖችም «ሃይ» ሲሉ እንደኛው ነው። ፈረንሳዮች ሁሉን በአንድ «ኔስ ፓ» ይጠይቃሉ፤ ልክ እንደ «አይደል»። እንግሊዞቹ ራሳቸው ጥንት «የይ»፣ «ነይ»፣ «የስ»፣ «ኖ» የሚሉ አራት ቃላት ነበሯቸው፤ «የስ» እና «ኖ» ለአሉታ ጥያቄ የተለዩ ነበሩ። ቶማስ ሞር በ1532 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚውን ቲንዴልን «ነይ»ንና «ኖ»ን አምታታህ ብሎ ወቅሶታል። እነሱም ተሳስተዋል፤ ዜሮ የሰጣቸው ግን የለም!

ይህ ቀልድ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አድርጎታል፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከደጃችን ነው። የውጭ አገር አለቃ ነገ አንዷን እህታችንን «ማሽኑን አልሰበርሽም አይደል?» ብሎ በእንግሊዝኛ ቢጠይቃት፣ በእውነተኛ «የስ»ዋ እንጀራዋን ልታጣ ነው?

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ ጠመኔ የምትይዙ ሁሉ ስሙ! ጭራውን ብቻ አታስቀጥሉ። «አይደል»ን ከ«ዲድ ዩ» ጎን በሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ ልዩነቱን አሳዩ። ድምፁንም አሰሙ፦ ሲወድቅ «ተስማማልኝ» ነው፣ ሲነሣ የምር ጥያቄ ነው። ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣው ቋንቋ መነሻው ይሁን እንጂ ማፈሪያው አይሁን።

ይህ ብዙ መጠየቅ አይደለም፣ አይደል?

«አዎ» ካላችሁ፣ ተግባብተናል።