በቤንዚን የሚሠራውን ትንሽ ሞተር በአልኮል ስለ ማሠራት

ቤንዚን በታጣበት ወራት በሞተር ውኃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ «ይህን ሞተር በአልኮል ማስነሣት አይቻልም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ይቻላልና። ነገር ግን «ይቻላል» የሚለው ቃል ከሹም አፍ ሲወጣ እንደ ትእዛዝ ይቆጠራል፤ በትእዛዝ የተበላሸ ሞተር ደግሞ ተክሉ ውኃ በሚጠማበት ወር በቶሎ የሚጠግነው አይገኝም። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚቻልና በምን ላይ እንደሚቆም አገር የሚያስተዳድሩና ሰፊ እርሻ ያላቸው ሰዎች አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

የመኪናው ሥራ ከባድ አይደለም። ቤንዚን በደንብ ይቃጠል ዘንድ ለአንድ እጅ ቤንዚን በሚዛን 14.7 እጅ አየር ያስፈልጋል፤ ለአልኮል ግን 9 እጅ አየር ይበቃዋል። ስለዚህ ያው ሞተር ያንኑ አየር ሲስብ ከቤንዚኑ ይልቅ ብዙ አልኮል ሊደርሰው ይገባል። በካርቡራቶሩ ውስጥ ነዳጁ ተለክቶ የሚያልፍባት ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ አለች፤ እርስዋ መስፋት አለባት። የቀዳዳዪቱ ወርድ በሩብ ያህል ቢጨመር መተላለፊያዋ በግማሽ ያህል ይሰፋል። ይህም በአንድ ጊዜ አይደረግም፤ በቀጭን መብሻ ጥቂት በጥቂት እየሰፋ፣ ሞተሩም በየጊዜው ሥራ ላይ እየዋለ ይፈተናል። የአየር መዝጊያውን በግማሽ ሲዘጉት ሞተሩ የሚበረታ ከሆነ ቀዳዳዪቱ ገና ጠባብ ናት ማለት ነው። የፊተኛውን የነሐስ ዕቃ ግን ማንም አይንካው፤ ሌላ ገዝቶ ያንን ይብሳ፤ አልኮል ባለቀ ቀን ወደ ቤንዚን የሚመለሰው በፊተኛው ነውና።

አልኮል በብርድ ጊዜ በቶሎ አይተንም። በደጋ አገር ጧት ገመዱን ሲስቡት ቢውሉ ሞተሩ ላይነሣ ይችላል። መድኀኒቱ ጥቂት ቤንዚን በትንሽ ዕቃ ለብቻው አኑሮ ማስነሣትና፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ አልኮል ማዞር ነው። አልኮል የጎማ ቱቦንና አንዳንዱን ፕላስቲክ ያላላል፤ አሉሚኒየምንም ይበላል፤ በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ የኖረውን ዝቃጭ አንሥቶ ማጣሪያውን ይዘጋል። ስለዚህ የመስኖው ወራት ሲያልቅ አልኮሉን አፍስሶ፣ ሞተሩን ጥቂት ጊዜ በቤንዚን አሠርቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ዐይነት ሞተር ግን ለዚህ ሥራ ባይታሰብ ይሻላል፤ የተለመደው ዘይት ከአልኮል ጋር በደንብ አይዋሐድምና።

እስከዚህ ያለውን ብልህ መካኒክ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ የምፈራው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፤ እርሱም የመካኒክ ሳይሆን የሹም ሥራ ነው።

አልኮል ሲባል ብዙ ሰው አረቄ ይመስለዋል። ዳግም የወጣው አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ በክብሪት ስለ ተቃጠለ ብቻ ሞተር ያሠራል ማለት አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ከመቶ 95 እጅ ያህል ንጹሕ አልኮል ያለበት ነው፤ ይህም በጓሮ ጋን አይገኝም። ውኃ ያለበትን አልኮል ከቤንዚን ጋር መቀላቀልም አይረዳም፤ ውኃው አልኮሉን ይዞ ወደ ታች ይወርድና ሞተሩ ያንን ሲስብ ቀጥ ይላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህን ያየ ሰው እህል አስገብቶ አልኮል ላውጣ ያለ እንደ ሆነ ነው። ከአንድ ኩንታል በቆሎ በደንብ በተሠራ ፋብሪካ 40 ሊትር ያህል አልኮል ይወጣል። 5 የፈረስ ጉልበት ያለው የውኃ መሳቢያ በሥራ ላይ ሳለ በሰዓት 1 ሊትር ተኩል ያህል ቤንዚን ይጠጣል፤ አልኮል በየሊትሩ ያለው ኀይል ከቤንዚን በሲሶ ስለሚያንስ በሰዓት ከ2 ሊትር በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ለአንድ ሰው ለስድስት ወር ቀለብ የሚሆነው ኩንታል ከ20 ሰዓት በታች ውኃ ስቦ ያልቃል። በየትኛውም ወረዳ ይህን የሚፈቅድ ሹም ሊኖር አይገባውም።

የሚፈቀደው የስኳር ፋብሪካ ዝቃጭ የሆነው ሞላሰስ ነው፤ ከ4 ኪሎ ሞላሰስ 1 ሊትር ያህል አልኮል ይገኛል። በእኛም አገር የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከዚህ ያወጣው አልኮል በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቤንዚን ላይ 5 ከመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 ከመቶ እንዲቀላቀል ተደርጎ ነበር። እስከ 10 ከመቶ ለሚሆነው ድብልቅ ምንም መብሳት አያስፈልግም። ይህም ራሱ አንድ ምክር ነው፦ ጥቂት አልኮል ላለው አገር አንዱን ሞተር ለይቶ ከመለወጥ ይልቅ፣ ከውኃ የተለየውን አልኮል ለሁሉ ማቀላቀል ይቀላል።

ብራዚል ይህን ነገር ከሁሉ አገር ይልቅ ፈትነዋለች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ከሸንኮራ አገዳ አልኮል ማውጣትን የመንግሥት ሥራ አደረገች፤ በ1979 በአልኮል ብቻ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ለሽያጭ ቀረቡ፤ ጥቂት ዓመታትም ሳይቆይ ከአዳዲሶቹ አብዛኞቹ እነዚሁ ሆኑ። ሞተሮቹ ደኅና ሠሩ። ነገር ግን በ1989 የስኳር ዋጋ በዓለም ገበያ በወደደ ጊዜ ፋብሪካዎቹ ወደ ስኳር አዘነበሉ፤ አልኮል ጠፋ፤ ባለ አውቶሞቢሉም በማደያ ደጅ ተሰልፎ ቀረ። አውቶሞቢል ቢቆም ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ በኅዳር የተተከለ ሽንኩርት ግን በጥር ውኃ ቢያጣ ለሚቀጥለው ሳምንት አይቆይም።

አልኮል ወደ ወረዳ የሚላክ ከሆነ እንዳይጠጣ በሌላ ነገር የተበከለ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የጠጣ ሰው ዓይኑ ይጠፋል፣ ይሞታልም፤ ስለዚህ ዕቃው ተቈልፎ፣ አከፋፈሉም ተጽፎ ይያዝ። ነበልባሉ በቀን ብርሃን ጎልቶ እንደማይታይም ለሚቀዱት ሰዎች ይነገራቸው።

ፈተናውን የሚሻ ሹም ወይም ባለ ሰፊ እርሻ ቢኖር፣ መጀመሪያ የሚበሳው ካርቡራቶር የራሱ ይሁን፤ አንድ ሞተር ብቻ ካለው ደኻ አይጀመር። ወራቱም ክረምት ይሁን፤ ያን ጊዜ ሞተር ቢቆም የሚደርቅ ተክል የለም። በየቀኑ የገባው አልኮል በሊትር፣ የሠራበት ጊዜ በሰዓት፣ የሞላው ጕድጓድ ወይም በርሜል በቍጥር ይጻፍ። የአንዱ ሊትር አልኮል ዋጋ ከአንዱ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሁለት ሦስተኛ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ የፊተኛው የነሐስ ዕቃ ተመልሶ ይግባ።